አረጋውያንን መጠየቅና ማኅበርተኛ ማድረግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾምን እሑዶች በየስማቸው ለይታ ስታስተምር አራተኛውን እሑድ መጻጉዕ ብላ ትጠራዋለች። በዚህ ዕለት የሚነገረው በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 5 የተጻፈው፣ 38 ዓመት በደዌ ተይዞ የኖረው ሰው ታሪክ ነው። ይህ ሰው አምስት መመላለሻ ባላት በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ከብዙ ድውያን ጋር ተኝቶ ሳለ፣ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ወደ እርሱ ቀርቦ ሊድን ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው። እርሱም በመለሰ ጊዜ ስለ ሕመሙ ጽናት አልተናገረም፤ ረኃቡንና ዕርቃኑን አልቈጠረም። ውሃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያይቱ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ብቻ ገለጠ። በሰው መካከል ሆኖ ሰው ማጣት ከ38 ዓመት ደዌ ይልቅ ከብዶት እንደ ነበረ ከዚህ መልሱ መረዳት ይቻላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በተለይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። መድኃኒታችን የልብን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ሲሆን፣ ድውዩን ሳይጠይቅ አላዳነውም። አስቀድሞ ወደ እርሱ ሄደ፤ ቀጥሎም ፈቃዱን ጠየቀው። የአማርኛ ቋንቋችንም እነዚህን ሁለት ሥራዎች በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። የታመመውን ለማየት ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው «ሊጠይቅ ሄደ» ይባላል፤ የማያውቀውን ነገር ለማወቅ ቃል የሚያቀርብም «ጠየቀ» ይባላል። እንግዲህ ወደ አረጋዊው ደጅ ደርሶ፣ ያመጣውን ሰጥቶ፣ አንዲት ቃል ሳይጠይቅ የተመለሰ ሰው፣ ሄደ ቢባል እንጂ ጠየቀ ቢባል ቃሉ አይሞላለትም። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ስለ ሙሉው ጥየቃ ነው፤ ይኸውም በመርጃና በመጦሪያ ቤት የሚኖሩትን አረጋውያን በፈቃዳችን ሄደን ስለ መጠየቅ፣ አብረናቸው ስለ መጫወትና የማኅበራችን አባል አድርገን ስለ መቀበል ነው።

በእጅ የሚላክና በእጅ የማይላክ

በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 ጌታችን በፍርድ ቀን የሚጠይቀንን የምሕረት ሥራ ሲዘረዝር ስድስት ነገር ቈጥሯል። እነርሱም የተራበውን ማብላት፣ የተጠማውን ማጠጣት፣ እንግዳውን መቀበል፣ የታረዘውን ማልበስ፣ የታመመውን መጠየቅ፣ ወደ ታሰረው መሄድ ናቸው። ከእነዚህ መካከል እንጀራውንና ውሃውን፣ ልብሱንም በሌላ ሰው እጅ መላክ ይቻላል፤ ለእንግዳው ማደሪያ የሚሆነውንም ኪራይ ከሩቅ ሆኖ መክፈል ይቻላል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን በመልእክተኛ አይፈጸሙም። የታመመውን ለመጠየቅና ወደ ታሰረው ለመድረስ የራስን እግር ማንሣት ግድ ነው። አረጋዊ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም በአንድነት ተሸክሞ ይኖራል፤ ሕመሙ እንደ ድውይ ያስተኛዋል፤ የጉልበቱ መድከም ደግሞ ያለ ዘበኛና ያለ ሰንሰለት ያስረዋል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ምእመናን በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ በምዕራፍ 8 የመቄዶንያን አብያተ ክርስቲያናት ሲያመሰግን፣ በድህነታቸው ጥልቀት ሳሉ በልግስና እንደ ሰጡ ከመሰከረ በኋላ፣ ከገንዘባቸው አስቀድመው ራሳቸውን እንደ ሰጡ ተናግሯል። ይህ ምስክርነት እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ራሱን ያልሰጠ ሰው ገንዘቡን ቢሰጥ ስጦታው ባይናቅም ፍጹም አይሆንምና።

የመቄዶንያን ስም ስናነሣ በዚህችው በከተማችን በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ በአያት በኩል ያለውን መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን የማያስታውስ አንባቢ አይኖርም። ይህ ማዕከል በ2002 ዓ.ም. ቢንያም በለጠ በተባሉ ኢትዮጵያዊ የተመሠረተ ሲሆን፣ አጀማመሩ በቤተሰባቸው መኖሪያ ቤት ውስጥ ጥቂት አረጋውያንን በማስጠጋት ነበር። ዛሬ ግን ከጎዳና የተነሡ፣ ጧሪ ቀባሪ ያጡ፣ አእምሯቸው የታወከ በሺህ የሚቈጠሩ ወገኖቻችን በማዕከሉ ይኖራሉ። ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚለው የማዕከሉ መፈክርም ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የታወቀ ሆኗል። መፈክሩን በመልካም ያስተዋለ ሰው ገንዘብን ወይም ሥልጣንን እንዳላነሣ ያያል፤ የሚፈልገው ሰው መሆንን ነው። መጻጉዕም ያጣው ይህንኑ ነበር።

አረጋውያን ሰው ያጡበት ምክንያት

አንዳንድ ሰዎች በአገራችን አረጋዊ ብቻውን የሚቀረው ልጆች ስለ ከፉ ብቻ ነው ብለው ይፈርዳሉ። በእርግጥ እናት አባቱን የረሳ ልጅ አይታጣም። ዳሩ ግን ሳይመረምሩ መፍረድ ተገቢ አይደለምና፣ የዘመኑንም አኗኗር መመልከት ያስፈልጋል።

የከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ እጅግ ተለውጧል። የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ በቦሌ ገርጂ በሙከራ ከተጀመረበት ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳና በሌሎችም ቦታዎች በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ቤቶች ተሠርተዋል። ብዙ ቤተሰብ ከመሀል ከተማ ወደዚህ ተዛውሯል፤ ቤት ያልነበረውም ባለቤት ሆኗል፤ ይህ በጎ ነገር ነው። ሆኖም በአሮጌው ሰፈር አንዲት አሮጊት እናት ደጃፍዋ ላይ ተቀምጣ ከዐሥር ጎረቤት ሰላምታ ትቀበል ነበር፤ ቡናዋም ያለ ጠሪ ሰው አይጠጣም ነበር። ዛሬ ያቺው እናት በአራተኛው ፎቅ ላይ ብትኖር፣ ጉልበትዋ ደረጃውን ስለማይችል ሰው ካልመጣላት በቀር ሰው አታገኝም። እድሩም በአሮጌው ሰፈር ቀርቷል፤ በአዲሱ ሰፈር እድር ቢቋቋምም መተዋወቅ ዓመታትን ይፈልጋል።

በቦሌ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። በዚያ ያለው አየር ማረፊያ ስንት ልጆች በእንባ የተሸኙበት በር ነው! የሄዱትም ልጆች ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን አልረሱም፤ በየወሩ ገንዘብ ይልካሉ፤ በስልክ ፊታቸውን ያሳያሉ። ነገር ግን ከላይ እንደ ተናገርነው ገንዘብ ይላካል እንጂ እግር አይላክም። ስለዚህ የብቻ ኑሮ ያለው በመርጃ ማዕከል ብቻ አይደለም። በትልቅ ግቢ ውስጥ፣ ሁሉ በተሟላበት ሳሎን፣ ከአንዲት ሠራተኛ ጋር የምትኖር እናት ያቺው የመጻጉዕ ኀዘን ሊኖርባት ይችላል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ማኅበራዊ ግንኙነት ያቋቋመው ኮሚሽን በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ፣ በዚህም ምክንያት በዓመት ከ871,000 በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ በግምት አስታውቋል። ቍጥሩ ወጣቱንም ሽማግሌውንም የሚጨምር ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲሉ የኖሩት አባቶቻችን ያወቁትን ነገር የዛሬ ሐኪሞችም መስክረውለታል ማለት ነው።

የበዓል ጥየቃና የአዘቦት ቀን

እንግዲህ ጥየቃ አስፈላጊ መሆኑን ከተረዳን፣ አሁን የምንጠይቅበትን ሁኔታ እንመርምር። በገና፣ በፋሲካ፣ በእንቍጣጣሽ ብዙ ሰው ወደ መርጃ ማዕከላት ይሄዳል። በሬ ይታረዳል፤ ዳቦ ይቈረሳል። ሙሽሮች የሠርጋቸውን ቀን፣ ወላጆች የልጃቸውን ልደት፣ ኀዘንተኞች የሟቻቸውን መታሰቢያ ከነዳያን ጋር ያሳልፋሉ። ይህ ሁሉ እግዚአብሔር የሚወደው መልካም ሥራ ነውና ማንም እንዲያቋርጠው አንመክርም። እነዚህን ሁሉ ወገኖች በየዕለቱ መመገብ፣ ማከምና ማልበስ ብዙ ወጪ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ገንዘብ የሚሰጥ እጅ ይባረክ።

ሆኖም ከፋሲካ ሳምንት በኋላ ያለውን ማክሰኞ እናስበው። ከበሮው ጸጥ ብሏል፤ ዳቦው አልቋል፤ ፎቶግራፍ አንሺውም ሄዷል። አረጋዊው በዚያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በአልጋው ጫፍ ተቀምጦ በር በተንኳኳ ቍጥር ቀና ይላል። በበዓል የመጣው እንግዳ ሲሰናበት «ደግሞ እመጣለሁ» ብሎት ነበርና። ተናጋሪው ቃሉን እንደ ስንብት ወግ ቈጥሮ ረስቶታል፤ ሰሚው ግን እንደ ቀጠሮ ይዞታል። ሥራ የሚበዛበት ሰው አንድ የተሰረዘ ቀጠሮ አይሰማውም። ሌላ ቀጠሮ የሌለው ሰው ግን ያቺ አንዲቱ ስትሰረዝበት ሳምንቱ ሁሉ ባዶ ይሆንበታል።

በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 የተጻፈውን እናስታውስ። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ዲያቆናት የተሾሙት በዕለት ዕለት አገልግሎት ችላ የተባሉ መበለቶች ስለ ነበሩ ነው። ጉድለቱ የታየው በበዓል ማዕድ ሳይሆን በዕለት ዕለት አገልግሎት ነበር። ሐዋርያትም ጉድለቱን የሞሉት ሰው በመመደብ ነው። እኛም ለጥየቃችን ሥርዓት ልንሠራለት ይገባናል።

የጽዋ ማኅበር ሥርዓት ለዚህ ሥራ እንደሚበቃ

ሥርዓቱን ከሩቅ አገር ልንቀዳ አያስፈልገንም፤ ከአባቶቻችን የወረስነው የጽዋ ማኅበር በእጃችን አለ። ማኅበርተኞች በየወሩ በመረጡት ቅዱስ ወይም በእመቤታችን ቀን ይሰበሰባሉ፤ ዳቦውና ጠላው በተረኛው ቤት ይዘጋጃል፤ ካህኑ ይባርካል፤ በብዙ ስፍራ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ መሪ ሥርዓቱን ያስጠብቃል፤ ቀጣዩ ተረኛም ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። በዚህ ሥርዓት ዋናው ነገር መብሉ አይደለም። ባለጸጋውም ድኻውም ተራ አለው፤ ሁሉም ይቀበላል፤ ሁሉም ያስተናግዳል፤ የቀረውንም «ለምን ቀረ?» ብለው ይጠይቁታል።

ወደ አረጋውያን ስንሄድ ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው በዚህ ነው። እኛ ሰጪዎች፣ እነርሱ ተቀባዮች፤ እኛ ዘማሪዎች፣ እነርሱ ተመልካቾች ይሆናሉ። ዕድሜውን ሁሉ ሲሠራ፣ ሲያርስ፣ ሲያስተምር፣ ልጅ ሲያሳድግ የኖረ ሰው ዘወትር ተቀባይ ብቻ ሲሆን፣ ሆዱ ቢጠግብ እንኳ ልቡ ይኰማተራል። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 2 የተጻፈውን ብንመለከት፣ ሕፃኑ ኢየሱስ ወደ ቤተ መቅደስ በገባ ጊዜ አረጋዊው ስምዖን በክንዱ ታቀፈው፤ እመቤታችንንና ዮሴፍን የባረካቸውም እርሱ ነው። የ84 ዓመቷ መበለት ሐናም ለሚጠባበቁት ሁሉ ስለ ሕፃኑ ትናገር ነበር። በቤተ መቅደስ አረጋውያን ሥራ ነበራቸው፤ በረከትም የወጣው ከእነርሱ ነው።

ስለዚህ በቦሌ መድኃኔ ዓለም፣ በገርጂ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በሲኤምሲ ቅዱስ ሚካኤልና በአካባቢው አጥቢያዎች ሁሉ ላላችሁ የጽዋ ማኅበራትና የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ማዕከሉ ሲፈቅድ፣ ከዓመቱ ወራት ጥቂቶቹን ዝክራችሁን ከአረጋውያኑ ጋር አድርጉት፤ ፈቃደኛ የሆኑትንም በስማቸው መዝግባችሁ ማኅበርተኛ አድርጓቸው። ተራም ስጧቸው። የዳቦው ወጪ ከማኅበሩ ይሁን፤ ነገር ግን በተራቸው ቀን እንግዳ የሚቀበሉ፣ መርቀው ማዕዱን የሚያስጀምሩ እነርሱ ይሁኑ። ጽዋው ለአንድ ወር ከአንዲት አረጋዊት አልጋ አጠገብ ቢያድር፣ ያቺ እናት አሥር ብር ሳታወጣ ተረኛ ሆነች ማለት ነው፤ የሚቀጥለውንም ወር የምትጠባበቅበት ምክንያት አገኘች።

በዝክሩ መካከል ያሉት ሳምንታትም ባዶ እንዳይሆኑ፣ 24 አባላት ያሉት ማኅበር በ4 ቡድን ቢከፈል በየቡድኑ 6 ሰው ይደርሳል። አንደኛው ቡድን በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ሁለተኛው በሁለተኛው እያለ ቢሄድ፣ ለያንዳንዱ ሰው ከወር አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይደርሰዋል፤ አረጋውያኑ ግን በየሳምንቱ ሰው ያያሉ፤ በየወሩም ያንኑ የሚያውቁትን ፊት ያገኛሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።

ለጠያቂዎች የሚጠቅም ምክር

1ኛ፤ ቀኑ የታወቀ ይሁን፤ የማትፈጽሙትንም ተስፋ አትስጡ። «እመጣለሁ» ከማለት «የመጋቢት ወር ሁለተኛ እሑድ በ9 ሰዓት እመጣለሁ» ማለት ይሻላል። መምጣት ባትችሉ አስቀድሞ በስልክ ይነገር፤ በምትካችሁም ሌላ ሰው ይሂድ።

2ኛ፤ አስቀድማችሁ የቤቱን አስታማሚዎች ጠይቁ። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ጣፋጭ ማቅረብ፣ መዋጥ ለሚቸገርም ደረቅ ዳቦ መስጠት ፍቅር መስሎ ጕዳት ያመጣል። የሚያርፉበትን ሰዓትና መድኃኒት የሚወስዱበትን ጊዜ ማክበር ይገባል።

3ኛ፤ ስማቸውን ጠይቁ፤ ምን ተብለው መጠራት እንደሚወዱም ጠይቁ። አንዱ አባባ፣ አንዷ እማማ መባልን ይወዳሉ፤ ሌላው ደግሞ መምህር ወይም ሃምሳ አለቃ ሲባሉ የቀድሞ ክብራቸው ትዝ ይላቸዋል። አእምሮው የታወከውንም ሰው አንቱ በሉት፤ ሕመም የሰውን ክብር አይሽረውምና።

4ኛ፤ ሥራ ስጧቸው። ቡና ስታፈሉ በቤቱ ፈቃድ እሳቱን እየጠበቃችሁ፣ መቍላት የምትችለው እናት ትቍላ፤ የማትችለው ጭሱን ታሽትት፤ ስኒውንም ታስቈጥር። ጥጥ መፍተል የምታውቅ እንዝርት ትቀበል፤ ስፌት የምታውቅ ለወጣቶቹ ታስተምር። ገበጣና ዳማ የሚችሉ አባቶች ወጣቱን ይግጠሙት፤ ቢያሸንፉትም ሆን ብሎ አይሸነፍላቸው፤ ያውቁበታልና። እንቆቅልሽና ተረት፣ የትውልድ ቀያቸው ታሪክ፣ የጥንቱ የሥራቸው ጥበብ ይጠየቅ። ዜማ የተማሩ አባቶች ካሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይማሩባቸው። ቡናውንም አቦል ጠጥታችሁ አትነሡ፤ ቶናውን አልፋችሁ እስከ በረካ ተቀመጡ፤ ሦስተኛው ስኒ በረካ የተባለው በረከት ለቆየ ሰው ስለሆነ ነው ብላችሁ አስቡ።

5ኛ፤ የሚረሱትን በትዕግሥት ስሟቸው። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው አንዱን ነገር አምስት ጊዜ ቢናገር፣ አምስቱንም ጊዜ እንደ አዲስ ማድመጥ አንድ ምጽዋት ነው። «አሁን ነግረውኛል» እያሉ ማሳፈር አይገባም።

6ኛ፤ መጫወት የማይፈልገውን አታስገድዱ። አንዳንዱ አረጋዊ ዝምታን ይፈልጋል፤ ከአጠገቡ ተቀምጦ እጁን መያዝ ይበቃዋል። መድኃኒታችን ድውዩን እንኳ ፈቃዱን ጠይቆ ፈወሰው፤ እኛ ደስታን በግድ ልንሰጥ አንችልም።

7ኛ፤ ፎቶግራፍ ለማንሣት አትቸኵሉ። ቀኝ የምታደርገውን ግራ እንዳታውቅ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 6 አስተምሮናል። የአረጋዊ ድካም በየስልኩ የሚዞር መታያ ሊሆን አይገባም።

8ኛ፤ በማዕከሉ የሌላ ሃይማኖት ተከታዮችም ይኖራሉና ሁሉንም በእኩል ጠይቁ። ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው ከማንሣቱ በፊት የየትኛው ወገን እንደ ሆነ አልመረመረም። የራሳችን ምእመናን ለሆኑት ግን መንፈሳዊ ፍላጎታቸውንም ጠይቁ፤ የንስሐ አባት ለሚሹ ካህን ይምጣላቸው፤ ለቅዳሴና ለቍርባን መሄድ ለሚሹም መኪና ያለው ሰው ያድርሳቸው።

ስለሚቀርቡ ምክንያቶች

«ጊዜ የለኝም» ለሚል፣ ከወር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል ብለናል። «መንገዱ ሩቅ ነው» ለሚልም፣ የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ከጦር ኃይሎች እስከ አያት መሥራት እንደ ጀመረ ያውቃል። «ምን እናገራለሁ?» የሚል ቢኖር፣ መናገር አይጠበቅበትም፤ ይጠይቅ፣ ያድምጥም። «በራሴ ቤት አሮጊት እናት አለችኝ» የሚል ግን ምክንያቱ እውነተኛ ነው። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 5 የቤተ ሰቡን ነገር ቸል የሚል ሰው ሃይማኖትን እንደ ካደ ይቈጥረዋል። ስለዚህ እናቱን በቤት ትቶ ወደ ማዕከል የሚሄድ፣ መንገዱን ከመካከል ጀመረ እንጂ ከመነሻው አልጀመረም። መጀመሪያ በቤታችን፣ ቀጥሎ በደረጃችን ያለውን ጎረቤት፣ ከዚያም በማዕከል ያሉትን እንጠይቅ።

«እኔ የተማርሁ፣ የተከበርሁ ነኝ፤ ገንዘብ ልስጥ እንጂ አልጋ ለአልጋ አልዞርም» የሚል ቢኖር ደግሞ ቅዱስ ባስልዮስን ያስታውስ። ከቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ የሚጠራው ይህ አባት ከባለጸጋ ቤት የተወለደ፣ በአቴና የተማረ ሊቅ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሳርያ ኤጲስ ቆጶስ ሳለ ከከተማይቱ ውጭ ለድኾች፣ ለበሽተኞችና ለመጻተኞች ታላቅ መጠጊያ አሠርቷል። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ስለ እርሱ ሲመሰክር፣ ሕንጻውን ከማመስገን ጋር፣ ባስልዮስ ለምጻሞችን እንደ ወንድም አቅፎ ይስም እንደ ነበር ይናገራል። ሕንጻውን ባሠራበት ገንዘብ ብቻ ቢቆም ኖሮ ማን ይወቅሰው ነበር? እርሱ ግን ራሱን ጨመረበት።

የማኅበርተኝነት መፈተኛ

የተወደዳችሁ ወገኖች፤ በእንግዳና በማኅበርተኛ መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በሞት ቀን ነው። በአገራችን እድር ሰው ሲሞት ይሰበሰባል፤ ድንኳን ይተክላል፤ ይህም የተመሰገነ ልማድ ነው። ነገር ግን በሕይወት ሳለ በር ያላንኳኳንለትን ሰው በሞቱ ቀን አጅበን ብንሸኘው፣ እርሱ የሽኝታችንን ብዛት አያይም። በመርጃ ማዕከል ያረፈ አረጋዊ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህንኑም አያገኝም፤ ዘመዱ የማይታወቅ ስንት አለ! የማኅበራችን አባል ከሆነ ግን የእኛ ሟች ነው። አስከሬኑን እንሸኛለን፤ ምእመን ከሆነ ፍትሐቱን እናስደርጋለን፤ በ40 ቀኑ ስሙን በጸሎት እናስጠራለን፤ በሚቀጥለውም ወር ተራው ሲደርስ ባዶ የሆነውን ስፍራውን እናስባለን። ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ ለዮሐንስ አደራ ብሎ ሰጠው፤ ዮሐንስም ወደ ቤቱ ወሰዳት። ያቺ አደራ ለእኛም ናት፤ ጎብኝቶ በመሄድ አትፈጸምም፤ የቤት ሰው በማድረግ እንጂ።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ ወር 1983 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት የዓለም አረጋውያን ቀን በየዓመቱ ይከበራል። ቀኑም በእኛ አቈጣጠር በአብዛኛው ዓመት መስከረም 21 ላይ ይውላል፤ ይህም በግሸን የእመቤታችን በዓል የሚከበርበት ዕለት ነው። በመጪው መስከረም የእመቤታችንን ዝክር የምታደርጉ ማኅበራት ሥራውን በዚያ ቀን ብትጀምሩት እጅግ የተገባ ይሆናል። ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን ዋናው እንዳይመስላችሁ። ዋናው ጥቅምት 21፣ ኅዳር 21፣ በመካከላቸውም ያለችው ማንም የማያስታውሳት ማክሰኞ ናት። በዚያች ማክሰኞ በሩ ሲንኳኳ አረጋዊው ቀና ብሎ የሚያውቀውን ፊት ያየ እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜ በእውነት ጠይቀነዋል።

ሰው የሌለውን ሰው የጠየቀ አምላካችን፣ በድካም ላይ ያሉትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ያጽናልን፤ ዘወትር በትጋት የሚያስታምሟቸውን ይባርክልን፤ ለእኛም የሚሄድ እግርና የሚያደምጥ ጆሮ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።